አኪው አፉን እስኪከፍት

አበሻ ሦስት ሆኖ በተቀመጠበት፣ አንደኛው የግድ "አውቀዋለሁ" ባይ ነው። ይህ ሰው ሐኪም አይደለም፤ መድኃኒት ግን ያዛል። መሐንዲስ አይደለም፤ ድልድዩ የት ጋ እንደሚሰነጠቅ ግን ይነግርሃል። ለቅሶ ቤት ሲገባ ሟቹ በምን እንደሞተ ከዘመድ በፊት ያውቃል፤ ሰርግ ቤት ሲገባ ትዳሩ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ሙሽራውን አንድ ጊዜ አይቶ ይገምታል። በዳላስና በፎርት ዎርዝ አካባቢ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ ይዞ የኖረው የሜስኪት ከተማው ፈክረዲን ነው። ማዕረጉ ደግሞ ከማንም በላይ የከበዳት ሚስቱን ኡምሰልማን ነው።

ፈክረዲን ደሴ ተወልዶ፣ በሱዳን አድርጎ አሜሪካ የገባ፣ በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። በነዚያ ዓመታት የዓለም ሕዝብ በሙሉ ከኋላው ተቀምጦ አልፏልና፣ ዓለምን ጨርሷት የወጣ ይመስለዋል። የሱ ዕውቀት ግን አንድ የተለየ ጠባይ አለው፦ አዲስ ነገር የሚባል አይቀበልም። ምን ብታሳየው፣ ምን ብታቀምሰው፣ እጁን አወናጭፎ፣ "አብሽር፣ አውቀዋለሁ። እኛ አገር ሞልቷል" ይልሃል።

አንድ ቀን ልጁ ሁመይራ ያን ሮዝ ቆዳና አረንጓዴ ቅርፊት ያለውን፣ ድራጎን ፍሩት የሚሉትን ይዛ መጣች። ፈክረዲን አገላብጦ አየውና፣ "በለስ ነው" አለ።

"አባ፣ ይሄ በለስ አይደለም።"

"ልብስ ቀይሮ ነው እንጂ በለስ ነው።"

የቶርኔዶው ሳይረን በጮኸ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ተኮራምቷል። ፈክረዲን ጓሮ ቆሞ ሰማዩን ይመረምራል። ኡምሰልማ በመስኮት፣ "ኧረ በአላህ ግባ!" ትላለች። "አብሽሪ፣ ይሄ ተራ ነፋስ ነው። ሐርቡ ላይ በየሳምንቱ ነበር" ይላል። ይህን ብሎ ሳይጨርስ የጎረቤት ልጆች የሚዘሉበት ትራምፖሊን ባናቱ ላይ አልፎ አጥሩ ላይ ተከመረ። ሮጦ ሲገባ ኡምሰልማ በሩ ላይ ጠበቀችው።

"ይሄስ? ትራምፖሊንም እኛ አገር ይበራል?"

"እኛ ጋ ቆርቆሮ ነው የሚበረው" አለ እያለከለከ። "ያው ነው።"

ከጂፒኤስ ጋርም ፀብ አለው። "ይቺ ልጅ ሰፈሩን አታውቀውም" ብሎ ድምፅዋን ያጠፋታል። ፎርት ዎርዝ ለሰርግ ሲሄዱ እንዲሁ አጥፍቷት፣ ሰው እየወጣ ሳለ ደረሱ። ፈክረዲን የተረፈውን ሩዝ እየበላ፣ "ቀደም ብለን ብንመጣ እኮ ሰልፍ ነበር" አለ።

ኡምሰልማ ይህን ሁሉ የምትችልበት አንድ ዘዴ ነበራት። ስትናደድ ባሏን አንቱ ትለዋለች። በደህናው ጊዜ አንተ ነው። "ክቡርነትዎ ምሳ ይቀርብልዎ?" ካለችው ግን፣ ፈክረዲን ዕውቀቱን ሰብስቦ ቀስ ብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል።

እዚያ ጓሮ፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ሊዮን የሚባል ጃማይካዊ ጎረቤት አለ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል ካፉ በልመና የሚወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ነው። አንዱ ያወራል፣ አንዱ ዝም ይላል፤ በዚህ ምክንያት ተጣልተው አያውቁም።

ሊዮን በዓለም ላይ የሚሳሳለት ነገር አንድ ዛፍ ነበር። ስሙ አኪ ይባላል። ጃማይካ ውስጥ በየደጁ የሚበቅል፣ ፍሬው ተቀቅሎ ከጨው ዓሣ ጋር ቁርስ የሚሆን ዛፍ ነው። ቴክሳስ ግን ክረምቱ አይስማማውም፤ ብርድ ሲነካው ይሞታል። ስለዚህ የሊዮን አኪ የሚኖረው ጎማ በተገጠመለት ትልቅ በርሜል ውስጥ ነው። በጋ ጓሮ ይውላል፤ ብርድ ሲመጣ ጋራዥ ይገባና የሊዮን ፒክአፕ ውጭ ያድራል። ችግኙን ከፍሎሪዳ ያስመጣችው ሚስቱ ነበረች። ፍሬውን ሳታይ ሞተች።

አንድ ክረምት መብራት ጠፍቶ ቧንቧ ሁሉ ሲፈነዳ፣ ጋራዡም እንደ ውጭው ቀዘቀዘ። ሊዮን በርሜሉ አጠገብ ወንበር ስቦ፣ የታመመ ሰው እንደሚያስታምም ቁጭ አለ። ፈክረዲን ይህን አይቶ ቤቱ ገባና፣ ኡምሰልማ ለእንግዳ ብቻ የምታወጣውን ወፍራም ብርድ ልብስ ይዞ ወጥቶ ዛፉን ጠቀለለው። ኡምሰልማ ብርድ ልብሷን አፈርና ቅጠል ይዞ ስታገኘው፣ ክቡርነታቸው ለብዙ ቀን አንቱ ሆነው ከረሙ።

ዛፉ ግን ተረፈ። በዚህ ዓመት ጸደይ ነጣ ያሉ ጥቃቅን አበቦች አወጣ፤ ከዚያ አረንጓዴ ፍሬ አንጠለጠለ። ሊዮን ባልና ሚስቱን በአጥሩ ላይ ጠራቸውና፣ ምንም ሳይናገር በጣቱ አሳያቸው። ዓይኑ እርጥብ ነበር። ኡምሰልማ "ማሻ አላህ" አለች። ፈክረዲን ፍሬውን አተኩሮ አየና፣ "ይሄ እኮ እኛ አገር ወንዝ ዳር ሞልቷል። ስሙ ብቻ ነው የጠፋኝ" አለ።

ሰኔ ላይ ሊዮን የታመመ ጉልበቱን በኦፕራሲዮን ለማስቀየር ልጁ ወዳለችበት ሂዩስተን ሊሄድ ሆነ። ዛፉን ለፈክረዲን አደራ ሰጠ። በርሜሉን እየገፉ ወደነፈክረዲን ጓሮ ካሻገሩ በኋላ ሊዮን፣ ኡምሰልማ በሕይወቷ ከሱ ሰምታ የማታውቀውን ያህል ተናገረ።

"ስማኝ ፈክሬ። አኪ ሲበስል ራሱ ነው የሚከፈተው። ቀይ መሆኑ አይበቃም። ዛፉ ላይ እንዳለ፣ ማንም ሳይነካው ለሦስት ተሰንጥቆ ጥቁር ፍሬዎቹን ያሳይሃል። እኛ 'አዛጋ' እንላለን። ካላዛጋ አትቁረጠው። ሳያዛጋ የወደቀውንም አትንካው። በእጅህ አትክፈተው። ያልበሰለ አኪ መርዝ ነው፤ ብትቀቅለውም መርዝ ነው። ገባህ?"

"አብሽር ሊዮን። አውቀዋለሁ።"

የኡምሰልማ እንግሊዝኛ ብዙ አይደለም። ሊዮን የተጠቀመባትን "ፖይዝን" የምትል ቃል ግን ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ካለው ጠርሙስ ላይ ታውቃታለች። ስለዚህ አስተውላ ሰማች።

ያን በጋ ፈክረዲን ለዛፉ የዋለውን ውለታ ለሰው ልጅ አልዋለም። ፀሐይዋ አስፋልት በምታቀልጥበት ሰዓት ጃንጥላ ይዘረጋለታል። ጠዋትና ማታ ያጠጣዋል። ወንበር ወስዶ አጠገቡ ይቀመጥና ዜና ያሰማዋል። ፍሬዎቹ ቀስ በቀስ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ሲዞሩ ወሬው በመስጊድ፣ በአበሻ ሱቅ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ሾፌሮች ዘንድ ተዳረሰ። ወሬው ደግሞ ባለፈበት ሁሉ እያደገ፣ ፈክረዲን የወሎን የጠፋ ፍሬ ቴክሳስ ላይ አግኝቶ አበቀለ እስከመባል ደረሰ። እሱም አላስተባበለም።

ወሬውን በጥርጣሬ የሰማው የድሮ የሥራ ባልደረባው አለማየሁ ብቻ ነበር። አለማየሁ የጎንደር ልጅ፣ ጾም የማያጎድል ሰው ነው። ፍልሰታ ገብቶ ነበርና ፈክረዲን ስልኩ ላይ የተሠራውን አኪ ፎቶ አሳየው። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ከሽንኩርት ጋር የተጠበሰ።

"ይሄ እንቁላል ፍርፍር ነው" አለ አለማየሁ።

"እንቁላል አይደለም። ዛፍ ላይ ነው የሚበቅለው። ማለቴ፣ ለናንተ ለጿሚዎች የተፈጠረ ነው። የጾም እንቁላል!"

"እሺ፣ ስበላ ያየኝ ሰው ምን ይላል?"

"የጾም ነው በለዋ።"

"ለስንቱ እነግራለሁ? ቲሸርት ላይ ላጽፈው?"

ከዚያ ሊዮን ደወለ። ጉልበቱ ደህና ነው፤ ቅዳሜ ይመጣል። ፈክረዲን ስልኩን ዘግቶ፣ ቅዳሜ ለሊዮን የአኪ ምሳ እንደሚያደርግ ዐወጀ። አለማየሁን ጠራ። ከመስጊድ ሰው ጠራ። የጨው ዓሣ ከጃማይካዎች ሱቅ ፈልጎ አመጣ። ሁሉም ነገር ተሟላ። የቀረው አኪው አፉን መክፈት ብቻ ነበር።

አኪው አልከፈተም። ጉንጩ ቀልቷል፣ አፉ ግን እንደ ተጣላ ሰው ግጥም ብሏል። ፈክረዲን በርሜሉን ወደ ፀሐይ አዞረው። በጣቱ ኳ ኳ አደረገው። "ኧረ ተለመን" አለው። ኡምሰልማ ከመስኮት እያየች ከንፈሯን ነክሳ ትስቃለች፤ ሰውየው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የማይሰማው ነገር አጋጥሞታል።

ዓርብ ጠዋት ግን ሳቋ ጠፋ። ጓሮ ስትወጣ ከዛፉ ላይ ፍሬዎች ጎድለዋል። ወጥ ቤት ስትገባ ፈክረዲን ቢላ ይዞ ቆሟል።

"እርስዎ ምን እያደረጉ ነው?"

አንቱታውን ሰምቶ ትከሻውን ሰብቆ፣ "እየረዳሁት ነው" አለ።

"ራሱ ይከፈታል አላለም ሰውየው?"

"ልጅም ራሱ ይወለዳል። ሲያስቸግር ግን ሐኪም ኦፕራሲዮን ያደርጋል። አብሽሪ።"

ሊዮን ካላዛጋ አትንካ ያለውን ፍሬ በቢላ ፈልቅቆ፣ ውስጡን አውጥቶ፣ ድስት ውስጥ ጨምሮታል። ውኃው ይንተከተካል። "እሳት የማይገድለው መርዝ የለም" ይላል እያማሰለ። ኡምሰልማ ለመነችው፣ ተቆጣችው፤ አልሰማም። ስልኳን ይዛ ወደ ሳሎን ሮጠች። ሁመይራ ፎርት ዎርዝ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት፤ ሥራ ላይ ነበረች፤ አላነሳችም። ኡምሰልማ መልሳ መላልሳ ደወለች። በመጨረሻ ልጅቷ አንስታ የሆነውን ስትሰማ፣ የኮምፒውተር ቁልፍ ስትነካካ ቆየችና ድምፅዋ ተለወጠ።

"እማ፣ ስሚኝ። እንዳይበላው። ኔቨር! ሰው ይገድላል ይላል። አባ ሱገሩ ዳውን ይሄዳል። ቀምቺው!"

ኡምሰልማ ወጥ ቤት ስትደርስ ፈክረዲን ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር የጠበሰውን በሳህን አድርጎ፣ ቆሞ እያላመጠ ነበር።

"ጨው አንሶታል" አለ።

"አባ! በላህ እንዴ?" ትላለች ሁመይራ በስልኩ ውስጥ። "ሃው መች?"

"ሁለት ማንኪያ።"

ኡምሰልማ ሳህኑን አየችው። ግማሹ የለም።

ሁመይራ ወደ መርዝ ባለሙያዎች የስልክ መስመር ደውላ፣ መልሳ እናቷ ጋ ደወለች። ምንም ባይሰማውም አሁኑኑ ኢመርጀንሲ ይሂድ፣ ፍሬውንም ይዛችሁ ሂዱ ተብላለች። ፈክረዲን ግን፣ "ደህና ነኝ፤ ጁምዓ አለብኝ" ብሎ አሻፈረኝ አለ። ጁምዓም ሄደ። ኡምሰልማ መንገዱ ላይ ብትተኛም አያቆመውም ነበር። እሷ አለማየሁን ጠርታ፣ የተፈለቀቁትን ፍሬዎች በላስቲክ ከረጢት ቋጥራ፣ ጫማዋን አድርጋ በሩ ላይ ጠበቀች። ፈክረዲን ከመስጊድ ሲመለስ ከመኪናው ወርዶ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ፣ በራሱ ጽጌረዳ ላይ ጎንበስ ብሎ አስታወከ።

አለማየሁ መኪናውን አስነሣ። ፈክረዲን ከኋላ ወንበር አናቱን ፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ቀብሮ፣ በየመሐሉ ቀና እያለ ይመራል።

"በስድስት ሠላሳ አምስት ሃይዌይ አትሂድ... ዓርብ ይዘጋል..."

"እሺ።"

"ኤግዚቱን አለፍከው!"

"ፈክሬ፣ ለአላህህ ብለህ፣ አንተ ትፋ፤ እኔ ልንዳ።"

ኢመርጀንሲ ሲደርሱ የተቀበላቸው ወጣት ሐኪም አኪ የሚባል ሰምቶ አያውቅም። ከረጢቱን ከፍቶ አየ፤ ለሌላው አሳየ፤ እሱም ለሌላው። ፈክረዲን አልጋ ላይ ሆኖ፣ "ኢን ማይ ካንትሪ፣ ኒር ዘ ሪቨር..." ብሎ ማስተማር ጀመረ። ኡምሰልማ ተናዳ ልትስቅ ምንም አልቀራት።

ከዚያ ድምፁ እየደከመ ሄደ። ላብ አጠመቀው። ትምህርቱ መሐል ላይ ቆመ።

ኡምሰልማ ባሏ ዝም ሲል አይታ አታውቅም። በእንቅልፉ እንኳ ሰው ያርማል። ዝምታው ከማስታወኩም፣ ከመርፌውም በላይ አስፈራት። ነርሷ ጎንበስ ብላ በእንግሊዝኛ፣ የት እንዳለ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ፈክረዲን ዓይኑን ወደ ጣሪያው፣ ወደ መጋረጃው፣ ወደ ሚስቱ አንከራተተ።

"አላውቅም" አለ።

በአማርኛ ነበር ያለው። ነርሷ አልገባትም። ኡምሰልማ ግን ገባት። ይህን ቃል ካፉ ለመስማት ስንት ጊዜ ተመኝታ ነበር፤ አሁን ሰምታው፣ "ያ ረቢ፣ መልስልኝ። የፈለገውን ያውቅ። ሁሉንም ይወቅ" እያለች ታለቅስ ጀመር። አለማየሁም ግድግዳው ሥር ቆሞ በራሱ መንገድ ያማትባል።

ስኳሩ ወርዶ ነበር። ግሉኮሱ በደም ሥሩ ሲገባ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሁመይራ ከሥራ ልብሷ ሳትወጣ ደርሳ አባቷን ሳመችው፣ ከዚያ ጮኸችበት፣ ከዚያ እንደገና ሳመችውና ከሐኪሙ ጋር ልትነጋገር ወጣች። አለማየሁ መኪናውን ሊያነሣ ሄደ። ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ።

"ምን ቢያጣድፍህ ነው?" አለችው። አንቱታው ጠፍቷል።

"ነገ ሰውየው ይመጣል" አለ። "ከዚያ ዛፍ ቀምሶ አያውቅም እኮ። ሚስቱም ሳትቀምስ ሞተች። ባዶ ገበታ ላይ ላስቀምጠው?"

"እሺ፣ ለነገ ካልክ ዛሬ ምን አስበላህ?"

ፈክረዲን አንሶላውን ሲያስተካክል ቆየ። "ሰው ልጋብዝበት አይደል? እንደው ድንገት... ከሆነም እኔን ይሁን ብዬ ነዋ።"

ሁመይራ ሳትወለድ፣ ወደ ሱዳን ሲሻገሩ፣ መተማ አካባቢ ስንቅ አልቆባቸው የዋሉበት ቀን ኡምሰልማ ፊት ድቅን አለ። ፈክረዲን ከአንድ ቁጥቋጦ ቅጠል በጥሶ፣ "አብሽሪ፣ አውቀዋለሁ። እኛ አገር ሞልቷል" ብሎ ፊቷ በላ። ቆይቶ፣ ብዙ ቆይቶ ነበር ለሷ የሰጣት። ያኔ ስስት መስሏት አዝናበት ነበር።

"አንተ" አለችው። "መተማ ላይ ያበላኸኝን ቅጠል ታውቀው ነበር?"

ፈክረዲን ዓይኑን ጨፈነ።

"ቅጠል መሆኑን አውቅ ነበር" አለ።

ኡምሰልማ ሳቀች። ሳቋ ወደ ለቅሶ ሄደ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ሁመይራ መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ እናቷ የአባቷን እጅ ይዛ ዓይኗን ስትጠርግ አገኘቻት። "ዋት ሃፕን?" አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ከሆስፒታል ሲመለሱ ሊዮን በክራንች ተደግፎ ደጃቸው ላይ ቆሟል። ሁሉን ሰምቷል፤ ለምሳው የተጠሩት እንግዶችም ቀርተዋል። ፈክረዲን ከመኪናው ወርዶ መሬት መሬት እያየ ቆመ። ሊዮን አንድ ቃል ሳይተነፍስ እያነከሰ ወጥ ቤት ገባ። በድስቱ የቀረውን፣ በሳህኑ የቀረውን ቆሻሻ መጣያ ከረጢት ውስጥ ደፋ፤ ከረጢቱን አጥብቆ አሰረ፤ ድስቱን ራሱ አጠበው። ከዚያ ዞረ።

"ሚስቴ ያን ዛፍ ያስመጣችው ጎረቤት ልታበላበት ነው" አለ። "አንተ ብትሞት ኖሮ በመጥረቢያ እቆርጠው ነበር። ሰማኸኝ? ለሁለት ሰው ሐዘን የሚሆን ጉልበት የለኝም።"

"ሰማሁ" አለ ፈክረዲን።

ዛፉ ላይ ፍሬ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ፈክረዲን ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ነው። ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ኡምሰልማ የባሏን ጩኸት ሰምታ ባዶ እግሯን ወጣች። አኪው አዛግቷል። አንዱ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ያሉት ሁሉ አፋቸውን ለሦስት ከፍተው፣ እንደ ተወለወለ ጫማ የሚያብረቀርቁ ጥቁር ፍሬዎች ከነጭ ሥጋቸው ጋር አውጥተው ያሳያሉ። ፈክረዲን ከዛፉ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ "ሊዮን! ሊዮን!" እያለ ይጣራል። አልነካቸውም።

ሊዮን መጥቶ ያዛጉትን ብቻ ለቀመ። ያላዛጉትን በጣቱ እያሳየ፣ "እነዚህ ይጠብቁ" አለ። የኡምሰልማ ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የታመመ ጉልበቱን ዘርግቶ አሠራቸው። ጥቁሩ ፍሬ ይወጣል፤ ይጣላል። ነጩ ሥጋ መሐል ያለችው ቀይ ክር መሰል ሽፋን አንድም ሳትቀር በቢላ ጫፍ ትነሣለች። ከዚያ በጨው ውኃ ይቀቀላል፤ የተቀቀለበት ውኃ ይደፋል። "ይህን ውኃ ለምንም እንዳትጠቀሙበት" አለ ሊዮን። ቀይዋን ክር የማንሣት ሥራ የተሰጠው ለፈክረዲን ነበር። መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ፣ እያንዳንዷን ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሣ፣ ያለ አንድ ቃል ሠራ። ሊዮን አንዱን አንሥቶ መረመረና መልሶ አቀበለው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ቀይ ቀርታ ነበር። ፈክረዲን ተቀብሎ አጸዳት።

ሁለት መጥበሻ ሆነ። አንዱ በጨው ዓሣ፣ ሌላው ለአለማየሁ ያለ ዓሣ፣ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በቃሪያ። ሁመይራና አለማየሁ ተጠርተው መጡ፤ ገበታው ቀረበ። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ ቁርጥ የእንቁላል ፍርፍር። አለማየሁ ትክ ብሎ አየውና፣ "እኔ እንኳ ቁርስ በልቼ ነው የመጣሁት" አለ።

"በፍልሰታ?" አለችው ኡምሰልማ።

ሁመይራ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች፤ ኡምሰልማ ማንን ለመጥራት እንዳዘጋጀችው ገባት። ሊዮን በሰፊው ጨልፎ ለሁሉም አወጣ። የተረጋጋው እሱ ብቻ ነበር። ማንም እጁን አልሰደደም።

ኡምሰልማ ባሏን አየችው። ማንኪያውን ይዟል። ግንባሩ ላይ ላብ አለ። ፈርቷል፤ ፈርቶም ግን ማንኪያው ወደ ሳህኑ እየሄደ ነው። ሌላ ሰው ቀድሞት እንዲበላ እንደማይፈቅድ ታውቃለች።

እጇን ዘርግታ ማንኪያውን ከእጁ ወሰደችው። ሞልታ ጎረሰች።

"ኡምዬ! ቆይ፣ እኔ ልቅደም..."

አላመጠች። ለስላሳ ነው፤ ቅቤ የነካው ይመስላል፤ ዓሣው ጨው ጨው ይላል፤ መጨረሻው ላይ እንደ ተቆላ ለውዝ ያለ ነገር አፏ ውስጥ ይቀራል። ዋጠች። ሊዮን ቀና ብሎ አያትና፣ ኡምሰልማ በዚያ ሰው ፊት ላይ አይታ የማታውቀውን ፈገግታ ፈገግ አለ። እሱም መብላት ጀመረ። አለማየሁ ሳህኑን ወደራሱ ሳበ።

ፈክረዲን ግን አልበላም። የሚስቱን ፊት እያየ ቆየ፤ ቅንድቧን፣ ከንፈሯን፣ ግንባሯን አየ። ቆይቶ ቆይቶ ወደሷ ዘንበል አለና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ምን ምን ይላል?" ሲል ጠየቃት።

ኡምሰልማ ወንበሯን ወደሱ ሳብ አድርጋ ሁለተኛ ጎረሰችና፣ ቀስ ብላ ትነግረው ጀመር።